ውሃ ያልቻለው ቀለም

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ጡረታ ወጣሁ ብል የሚስቅብኝ ይበዛል። ሥራ መተው በዕድሜ ሳይሆን በድካም የሚቆጠር ከሆነ ግን ወጥቻለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወልድያ ላይ ፕሪንተር ሸጥኩ፣ ጠገንኩ፣ ቶነር ሞላሁ። አሁን መናኸሪያ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። የቶነሩ ጥቁረት ከጥፍሬ ሥር እስኪለቅ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቷል።

ሰዎች ግን አልተዉኝም። ትኬታቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮት ብቅ ይሉና፣ "ደሱ፣ ለቢሮ የቱን ልግዛ? ለቤትስ?" ይሉኛል። እኔም፣ "በወር ስንት ገጽ ታትማለህ? መብራታችሁ እንዴት ነው? ማን ነው የሚነካው? ወረቀቱ ከታተመ በኋላ የት ነው የሚውለው?" እላለሁ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ሰውየው ሳይመልስልኝ ይሄዳል። አራቱም ጥያቄዎች የጋሽ ሙሄ ናቸው። የመጨረሻውን አንድ ቀን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ጋሽ ሙሄ የሱቃችን ቴክኒሻን ነበሩ። ባለቤቱ አቶ ካሳ የንግድ ፈቃዱንና ዕቃውን ያውቃሉ፤ ማሽኑን የሚያውቁት ጋሽ ሙሄ ብቻ ናቸው። በታይፕራይተር ጊዜ ሥራ የጀመሩ፣ ከሲታ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ለስላሳ ብሩሽ፣ የታጠበ የነጠላ ቁራጭና ውዱእ የሚያደርጉባት ትንሽ ኩስኩስት አይጠፉም። ኩስኩስቷ ለሶላት ብቻ አልነበረችም። አዲስ ማሽን ከካርቶን በወጣ ቁጥር አንድ ገጽ ያትሙና ሻይ እስኪጠጡ ያስቀምጡታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ አጥፈው እጥፋቱን በጥፍራቸው ይፍቁታል። በመጨረሻም ከኩስኩስቷ ሦስት ጠብታ ጠብ አድርገው ወረቀቱን ዘንበል ያደርጉታል። የሌዘር ማሽን ከሆነ ውሃው ተንከባልሎ ይወርድና ፊደሉ እንዳለ ይቀራል፤ የቀለሙን ዱቄት እሳት አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር አጣብቆታላ። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ከሆነ ግን፣ በተለይ የፎቶው ዓይነት፣ ፊደሉ እያበጠ ወደ ታች ጺም ያወጣል።

"ጺም ካወጣ ለፎቶ፣ ለሰርግ ካርድ፣ ለልጅ የቤት ሥራ ነው" ይሉ ነበር። "ካላወጣ ለፍርድ ቤት፣ ለቀበሌ፣ ለገበሬ።"

"ለገበሬ ለምን፣ ጋሽ ሙሄ?" አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንቴ።

"የቢሮ ሰው ወረቀት ሳጥን ውስጥ ይተኛል። የገበሬ ወረቀት አብሮት ነው የሚውለው። ደረት ኪሱ ውስጥ ያልበዋል፣ ጣሪያ ሥር ይሰካና ዝናብ ያንጠባጥብበታል። እና ወረቀቱ የት እንደሚውል ሳታውቅ ማሽን ትሸጣለህ?"

አንድ ጊዜ ከሐራ አንድ የእህል ነጋዴ መጡ። ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ከሱቃችን ትልቁን ማሽን በጣታቸው አሳዩና፣ "ይህን ጫኑልኝ" አሉ።

"ሐጂ፣ በወር ስንት ወረቀት ያትማሉ?" አሏቸው ጋሽ ሙሄ።

"ሁለት። ውል የበዛ ጊዜ አራት።"

"እንግዲያውስ አይግዙ። አራት ወረቀት በእግርዎ ጽሕፈት ቤት ይዘው ቢሄዱ ይሻልዎታል፤ መንገዱም ለጉልበትዎ ጥሩ ነው።"

"አንቱ ሰውዬ፣ ሻጭ ነዎት ወይስ ሐኪም?" አሉ ሐጂ፤ ስቀው ወጡ። አቶ ካሳ ያን ቀን ጋሽ ሙሄን አላናገሯቸውም። በሁለተኛው ዓመት ሐጂ ልጃቸው ላቋቋመው የንግድ ቢሮ ሙሉ ዕቃ ከእኛ ገዙ።

ግራና ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ማሽናቸው ክረምት በገባ ቁጥር ወረቀት እየነከሰ አስቸግሯቸው ነበር። እኔ ወረቀት የሚስበውን ጎማ ፈትቼ ሁለት ሰዓት ጠራረግሁ። ጋሽ ሙሄ ደርሰው ማሽኑን ሳይነኩ የወረቀቱን እሽግ አነሱና በጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ረጥቧል፤ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። መደርደሪያ አሠርተው፣ እሽጉን በላስቲክ አስጠቅልለው ተመለስን። መኪና ላይ፣ "ማሽን የሚታመመው አልፎ አልፎ ነው" አሉኝ። "ብዙ ጊዜ የሚታመመው አጠገቡ ያለው ነገር ነው።"

እኔ ግን እንደ እሳቸው ረጋ ያልኩ አልነበርኩም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። መሞከሪያ ገጾች ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ፣ ደንበኛ እያናገርኩ ስንኝ እፈልጋለሁ። ደመወዜ ለወረቀት አይበቃም ነበር፤ የተበላሸ ገጽ ሁሉ የእኔ ነው።

ጦርነቱ እኛ ጋ ከመድረሱ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፋጡማ ከመርሳ መጣች። ጂዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ዕቃ የሚመዝን ሴት ናት። መርሳ ላይ መንገድ ዳር ቤት ተከራይታለች፤ ጽሕፈትና ኮፒ ልትከፍት ነው። ጋሽ ሙሄ ያን ሳምንት ልጃቸው ወልዳ ደሴ ሄደዋል። ከጀርባዬ ስድስት ቀለም የሚጠጣ የፎቶ ፕሪንተር ነበር፤ ወራት ተቀምጦ አቶ ካሳን አስመርሯል። በእሱ ያተምኩት አንድ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ ከዝናብ በኋላ ያለው የወልድያ ጋራ፣ ከሥሩ የእኔ ግጥም።

ፋጡማ ከሥዕሉ ፊት ቆመች። "ይህን ያተመው የቱ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ግጥሙንስ?"

"እሱ የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ማሽኑ ጎበዝ ነው" አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። ስንት ገጽ እንደምታትም ጠየቅኳት። መብራቱን ጠየቅኳት፤ የመርሳ መብራት ደካማ እንደሆነ ነገረችኝ። ሌዘር ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ይሄ ግን በትንሽ ጄኔሬተር ይሠራል አልኳት። እውነት ነው። ፎቶ ታትሚበታለሽ፣ የሰርግ ካርድ ትሠሪበታለሽ አልኳት። ይህም እውነት ነው። ማን እንደሚነካው ጠየቅኳት፤ እኔ ብቻ አለች። አራተኛውን ጥያቄ ግን አልጠየቅኳትም። ግጥሜን ቆማ ያነበበች የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነበረች፤ ማሽኑን ከግጥሜ ጋር የምትወስደው መሰለኝ። ኩስኩስቷ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። አላነሳኋትም።

ጋሽ ሙሄ ሲመለሱ ባዶውን ቦታ አይተው፣ "ማን ወሰደው?" አሉ። ነገርኳቸው።

"ጽሕፈት ቤት? መርሳ? ማመልከቻ ልትጽፍበት?"

"ፎቶም ታነሳለች።"

"ፎቶውን ታትምበት። ለጽሑፉ ግን ጥቁር ብቻ የሚያትም ትንሽ ሌዘር ጨምሪ በላት። ዛሬ ደውልላት።"

"እሺ" አልኩ። አልደወልኩም። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለጥገና መርሳ ወረድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምሳ ጋበዘችኝ፣ ለጎረቤቶቿ፣ "ይሄ ነው የመረጠልኝ" እያለች አስተዋወቀችኝ። በዚያ መሀል ተሳስቻለሁ ማለት ከበደኝ። በሚቀጥለው እነግራታለሁ እያልኩ ተመለስኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ክረምት ነበር። ጋሽ ሙሄ ቀድመው ደሴ ልጃቸው ጋ ሄደው ነበር። አቶ ካሳ ሱቁን በሁለት ቁልፍ ቆልፈው ወጡ፤ እኔም አንድ ቦርሳ ይዤ ከሰዉ ጋር ወደ ደቡብ በእግሬ ተነሳሁ። መርሳ ስደርስ በፋጡማ ሱቅ በር ላይ ሰልፍ አየሁ። ጄኔሬተሩ ውጪ ይጮኻል። ከጎኗ የቀበሌው ጸሐፊ ማኅተሙን ይዞ ተቀምጧል። መታወቂያ ለሌለው ወይም ለጠፋበት ሰው ፎቶ ያለበት የመሸኛ ደብዳቤ እየሰጡ ነው፦ ይህ ሰው የቀበሌያችን ነዋሪ ነው፣ ትብብር ይደረግለት። እሷ ታትማለች፣ እሱ ይፈርማል፣ ይመታል።

"ደሱ" አለችኝ ሳትነሳ። "አንተን አላህ ነው ያመጣህ። እናቴ መራመድ አትችልም፣ መኪና እስካገኝ ከእሷ ጋር እቆያለሁ። ሰይድን ይዘህልኝ ሂድ።"

ሰይድ ወንድሟ ነው። አሥራ ስምንት የሞላው በዚያው ክረምት ነው፤ መታወቂያ ገና አላወጣም። በዚያ ሰሞን በየኬላው ወረቀት የሌለው ወጣት ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይያዛል። ያቺ ወረቀት ለሰይድ ከስንቅ ትበልጥ ነበር።

"ማሽኗን አየሃት?" አለች ደብዳቤውን እያወጣች። "ሦስት ቀን ሙሉ አንድም አልተንተባተበችም።"

ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብዬ ለሰይድ አቀበልኩት። አውራ ጣቴ ጠቆረ። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነበር፤ ከኋላዬ ሰልፉ ይገፋል። "ይህን በእስክሪብቶ ጻፉለት" ማለት እችል ነበር። ፊቷ ላይ ያለውን ኩራት አየሁና፣ "በል እንሂድ" አልኩት ሰይድን።

መንገዱን አልዘረዝርም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ሰይድ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነበር። "ደሱ፣ ገጣሚ ነህ አሉ። እስቲ ለእግሬ አንድ ነገር በልለት" ይለኛል። ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጓል። መንገዱን ሁሉ ዘነበብን።

ከደሴ ወዲህ አንድ ኬላ ደረስን። ከፊታችን ከሐብሩ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም ደብዳቤ አወጡ፤ የሩቅ ቀበሌ ስለሆነ በእስክሪብቶ የተጻፈ። ወረቀቱ ጨርቅ መስሏል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። አለፉ። ሰይድ የራሱን አውጥቶ ዘረጋ።

ማኅተሙ ክብ፣ ሐምራዊ፣ እንዳለ ነበር፤ የማኅተም ቀለም ዘይት አለበት፣ ውሃ አይፈራም። ከማኅተሙ በላይ ግን ምንም የለም። ፊደሉ ሁሉ አንድ ግራጫ እድፍ ሆኗል። የሰይድ ፎቶ ከግንባሩ ወደ አገጩ ፈስሷል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ጠባቂው። "ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም ማን መታልህ?"

"ባዶ አልነበረም። ዝናቡ ነው።"

"የእኚህን አባት ወረቀት ዝናብ አልመታውም?"

"ወላሂ ተጽፎበት ነበር። እሱን ጠይቀው፣ ያውቀኛል።" ሰይድ ወደ እኔ ዞረ።

ጠባቂው መታወቂያዬን እንደያዘ አየኝ። "ታውቀዋለህ?"

ማለት የነበረብኝ አጭር ነበር። ማሽኑን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ውሃ አይችልም፤ ሌላም ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ይመጣባችኋል። ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግም። ነገር ግን ከጠባቂው ጀርባ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከእነሱ ጋር ስቀመጥ ታየኝ።

"መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው" አልኩ።

ሰይድ አልተቆጣም። በስህተት በሌላ ሰው ስም የጠራሁት ይመስል አየኝ። ወደ ቆርቆሮው ወሰዱት። መታወቂያዬን መለሱልኝ፤ አለፍኩ።

ደሴ ገብቼ በማግስቱ ጋሽ ሙሄን አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንድም አልደበቅኩም። ሕፃኑን ለልጃቸው ሰጡና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

"አላውቀውም አልክ?"

"አላልኩም። መንገድ ላይ ተገናኘን ነው ያልኩት።"

"ይሄኛው ይብሳል" አሉ። "ተነስ።"

ኬላው ጋ ስንደርስ ሰይድ የለም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል። ዘጠኝ ቀን ጠየቅን። ጋሽ ሙሄ በየበሩ ሲቆሙ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ነው። መቆጣት የማይችሉ ሰው ስለሆኑ የሚያባርራቸው አልነበረም፤ "ነገ ይምጡ" ይሏቸዋል፣ በነጋታው ይመጣሉ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ኃላፊ አስገባን። ጋሽ ሙሄ ከመርሳ ከመጣ ሌላ ተፈናቃይ የለመኑትን ያልረጠበ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የፋጡማ ማሽን ያተመው ነበር።

"ልጄ፣ ውሃ ይኖርዎታል?" አሉ።

ኃላፊው የራሱን ብርጭቆ ገፋላቸው። በጣታቸው ሦስት ጠብታ ጣሉ፤ ወረቀቱን ዘንበል አደረጉት። የሰውየው ስም አብጦ ጺም አወጣ፣ የቀበሌው ስም ተከተለው። ማኅተሙ ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

"ይህን ማሽን ማን ሸጠላቸው?"

"እኔ" አልኩ።

"ልጁንስ ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። እህቱ አደራ ብላኝ ነው አብሮኝ የመጣው።"

ቃሉ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ከአፌ ወጣ። በነጋታው ሰይድ ተለቀቀ። ከስቷል፣ እግሩ አብጧል። ጋሽ ሙሄን አቅፎ አለቀሰ። ለእኔ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ እኔም ወልድያ ተመለስኩ። ከሱቁ የቀረው መደርደሪያ ነው። አቶ ካሳ ከትንሽ ጀመሩ። ጋሽ ሙሄ ግን አልተመለሱም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ደሴ ቀሩ። በስልክ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ "ለፋጡማ ሌዘሩን አንተ ራስህ ውሰድላት።"

ወሰድኩላት። መርሳ ላይ ሱቋ ተዘርፎ ባዶ ነበር። ጠረጴዛ ተውሳለች። ማሽኑን ተከልኩ፣ መብራቱን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር አደረግኩለት፣ ገጽ አተምኩ፣ አሸሁት፣ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ፊደሉ አልተነካም። ፋጡማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

"ደሱ፣ ሰይድ ነግሮኛል" አለች። "ኬላው ላይ ስለ እሱ ስትከራከር ገፍትረውህ ወደቅህ አሉ። እናቴ በየሶላቷ ስምህን ትጠራለች።"

ሰይድ ጥጉ ላይ የወረቀት እሽግ እየፈታ ነበር። ቀና አላለም።

"ምንም አይደል" አልኩ።

እናትየው የላኩልኝን አንድ ዘንቢል ብርቱካን ሰጠችኝ። ሰይድ መናኸሪያ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። ሱቁ ከዓይናችን እንደራቀ፣ "ለምን እንዲህ አልካት?" አልኩት።

"ከአንተ ጋር የላከችኝ እሷ ናት። አንተን ብከስስ እሷ የምትከስሰው ራሷን ነው። ተወው፣ ዝም በል።"

ዘንቢሉን መኪናው ላይ ጫነልኝ። ወልድያ እስክደርስ አንድም አልላጥኩም። በዚያው ወር ሥራዬን ለቀቅኩ።

ሰይድ እንዳለው ዝም ብዬ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በመርሳ ሳልፍ የፋጡማ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አየኋት። አንዲት ሴት አንድ ገጽ አሳተመች። በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማሽኑም ሌዘር ነው። ፋጡማ ወረቀቷን በፌስታል ጠቀለለች፣ አፉን ቋጠረች፣ ሰጠቻት። ለሚቀጥለውም እንዲሁ፤ ከእሱ በኋላ ለመጣውም።

"ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ለሰይድ ያን ቀን ፌስታል ባደርግለት ኖሮ አይያዝም ነበር" አለች። "ፌስታል ከእግሬ ሥር ነበር። አስበው፣ ከእግሬ ሥር።"

ሰይድ የፈራላት ነገር ያለ እኔም ደርሶባታል፤ ራሷን ከስሳለች። የምትሸከመው ግን የእኔን ጥፋት ነው፤ እሷ የሠራችው ማመን ብቻ ነው። ለሰይድ በነጋታው ደወልኩለት፤ እነግራታለሁ አልኩት። "በአፍህ አትችልም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ በእስክሪብቶ፣ በደብተር ጻፍኩት። ቅዳሜ መርሳ ወርጄ እንደማንኛውም ደንበኛ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጥና፣ "ተይቢልኝ" እላታለሁ። ፋጡማ ስትተይብ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ እያነበበች ነው። እኔ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ትላለች።